ጥንቸሏ ስለ እናቴ ዓይን ምን ታውቃለች?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው ሳይተዋወቁ፣ በአንድ ጉዳይ ላይ ተገናኝተዋል። ጉዳዩ በዓይን ውስጥ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ የሚፈተንበት መንገድ ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤ ብዙ ነገር ስለሚያነሣ ሰፊውን ቦታ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ እናቴ የስኳር ሕመም ከያዛት ብዙ ዓመት ሆኗታል። የማየት ኃይሏ እየደከመ ሲመጣ ሐኪሟ የሬቲናዋ (በዓይን ውስጥ ከበስተኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን) መካከለኛ ክፍል ውኃ መቋጠሩን ነግሯት፣ አቫስቲን የተባለ መድኃኒት በየወሩ በዓይኗ ውስጥ መወጋት ጀምራለች። መድኃኒቱ መጀመሪያ ለካንሰር የተሠራ እንደሆነና ዓይን ላይ ጉዳት እንዳያደርስ በጥንቸል እንደተፈተሸ በሰማች ጊዜ ግን፣ «እኔንና ጥንቸልን ምን አገናኘን? የእሷ ዓይን ለእኔ ዓይን ዋስ ይሆናል?» ብላ ቀጣዩን ቀጠሮ ለመተው አስባለች። ምን ብዬ ልመልስላት? (ከፒያሳ)

መልስ፦ የእናትዎ ጥርጣሬ የሚናቅ አይደለም፤ መድኃኒት የሚፈትኑት ባለሙያዎችም ይህንኑ ጥያቄ በየጊዜው ራሳቸውን ይጠይቃሉ። ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ግን ቀጠሮው እንዳይታለፍ አደራ እላለሁ፤ ምክንያቱም አቫስቲን ለእናትዎ ዓይን ይጠቅማል የሚለው እምነት የቆመው በጥንቸል ምስክርነት ላይ አይደለም። ጥንቸሏ የተጠየቀችው ሌላ ጥያቄ ነበር።

የተጠየቀችው፣ መድኃኒቱ ዓይንን ይጎዳል ወይ፣ በዓይን ውስጥስ ምን ያህል ይቆያል የሚለውን ነው። ለዚህ ሥራ ጥንቸል የምትመረጥበት ምክንያት አለ። ዓይኗ ከሰውነቷ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ነው፤ የዓይንን ኳስ ከውስጥ የሚሞላውና እንደ እንቁላል ነጭ የሚዝለገለገው፣ ሐኪሞች ቪትረስ የሚሉት ፈሳሽ በሰው ዓይን ወደ 4 ሚሊ ሊትር፣ በጥንቸል ዓይን ደግሞ ወደ 1.5 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። ስለዚህ ለሰው የምንጠቀምባቸው ቀጫጭን መርፌዎችና የዓይን መመርመሪያ መሣሪያዎች ያለ ብዙ ለውጥ ለእሷም ያገለግላሉ። እንስሳዋ በማደንዘዣ ከተኛች በኋላ መርፌው በዓይን ነጩ ክፍል በኩል፣ ሌንሱንም ሬቲናውንም በማይነካበት ቦታ ይገባል። ይህ ቦታ በሰው ላይ ኮርኒያ ከሚባለው ግልጽ የዓይን የፊት ሽፋን ጠርዝ ከ3.5 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ርቆ ይገኛል። አንዱ ዓይን መድኃኒቱን ሲያገኝ ሌላው ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ የተቀመመበትን ፈሳሽ ብቻ ያገኛል፤ እንዲህ ካልተደረገ መርፌው ራሱ ያመጣው ጉዳት መድኃኒቱ ካመጣው ጉዳት ሊለይ አይችልም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ክትትል ነው። የዓይኑ ግፊት ይለካል፤ ዓይኑ ተቆጥቶ እንደሆነ፣ ሌንሱ ላይ ሞራ መታየት ጀምሮ እንደሆነ ይመረመራል፤ ሬቲናው ለብርሃን ብልጭታ የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ምላሽም ይመዘገባል። የሬቲና ሕዋሳት በመድኃኒቱ ከተጎዱ ይህ ምላሽ ስለሚደክም፣ እንስሳዋ ምን እንደምታይ ልትነግረን ባትችልም ሬቲናዋ በዚህ መንገድ ይናገራል። በመጨረሻም እንስሳዋ ያለ ሥቃይ እንድትሞት ይደረግና ዓይኗ በስሱ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ይታያል። በእኔ ግምት በእነዚህ ጉዳዮች ላይ የጥንቸል ምስክርነት ከሞላ ጎደል የሚታመን ነው፤ ሬቲናን በግልጽ የሚመርዝ ነገር በጥንቸል ዓይን ሳይታወቅ የማለፍ ዕድሉ ጠባብ ነው።

የምስክርነቷ ድንበር የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። የእናትዎ ሕመም ያለበት ቦታ ማኩላ ይባላል፤ ፊደል የምናነብበትና የሰው መልክ የምንለይበት የሬቲና ማዕከል ነው። ጥንቸል ማኩላ የላትም። የሬቲናዋ የደም ሥሮችም ከዓይን ነርቩ ግራና ቀኝ በተዘረጋ ጠባብ ቀበቶ ውስጥ ብቻ የሚገኙ በመሆናቸው ቀሪው የሬቲናዋ ክፍል የሚመገበው ከበስተኋላው ካለው ሽፋን ነው። ስለዚህ በስኳር ምክንያት የደም ሥር አፍስሶ ማኩላ ውኃ የሚቋጥርበትን ሕመም ጥንቸል እንደ ሰው ልትታመም አትችልም፤ ያልታመመችውን ሕመም መድኃኒቱ ማዳኑንም ልትመሰክር አትችልም። አይጥም፣ ውሻም ማኩላ የላቸውም። ከተለመዱት የቤተ ሙከራ እንስሳት መካከል እንደ ሰው ያለ ማኩላ ያላቸው ጦጣዎች ናቸው፤ እነርሱም በዋጋቸው ውድነትና በሚያስነሱት የሥነ ምግባር ጥያቄ ምክንያት በቁጥር አነስተኛ ሆነው፣ ብዙውን ጊዜ በመጨረሻው ደረጃ ላይ ብቻ ይገባሉ።

ጦጣም ቢሆን ሁሉን አይመልስም፤ ለዚህ ከአቫስቲን ታሪክ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ ጥናት አንድ ሙሉ ፀረ እንግዳ አካል (ሰውነት ባዕድ ነገርን የሚዋጋበት ዓይነት ፕሮቲን) እና ከፀረ እንግዳ አካል የተቆረጠ ቁራጭ በጦጣዎች ዓይን ውስጥ ተወግተው ነበር። ቁራጩ በሬቲናው ውስጥ ዘልቆ ሲያልፍ ሙሉው በሬቲናው የፊት ሽፋን ላይ ቀረ። ከዚህ ውጤት የተወሰደው ትምህርት ለዓይን የሚሆን መድኃኒት ትንሽ መሆን አለበት የሚል ስለነበር፣ የአቫስቲንን ሲሶ ያህል ብቻ የሚመዝነው ራኒቢዙማብ ለዓይን ተብሎ ተዘጋጀና እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ። አቫስቲን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2004 ፈቃድ ያገኘው ለአንጀት ካንሰር ሲሆን፣ ሙሉ ፀረ እንግዳ አካል በመሆኑ በዚያ ትምህርት መሠረት ለዓይን የሚመች አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ2005 ግን በማያሚ የሚሠሩት የሬቲና ሐኪም ፊሊፕ ሮዘንፌልድ አቫስቲንን በጥቂቱ በሕመምተኛ ዓይን ውስጥ ወግተው መሻሻል መታየቱን አስታወቁ፤ አሠራሩም በአጭር ጊዜ በዓለም ዙሪያ ተሰራጨ። በጥንቸል ላይ የተደረጉት የአቫስቲን ጥናቶች በብዛት የወጡት ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ሲሆን፣ ከመካከላቸው አንዱ ሙሉው ፀረ እንግዳ አካል በጥንቸል ሬቲና ውፍረት ሁሉ ዘልቆ መግባቱን አሳየ። ስለዚህ እናትዎ ጥንቸል ቀድማ ሰው ተከተለ ብለው ካሰቡ፣ በአቫስቲን ረገድ ቅደም ተከተሉ በከፊል የተገለበጠ ነበር፤ ይህ የሚደነቅ አሠራር ነው አልልም፣ ሆኖም የሆነው ይኸው ነው። የጦጣዎቹ ጥናት ሐሰት ነበር ማለት ግን አይደለም። የተወጋው ፀረ እንግዳ አካል ሌላ ነበር፣ የጦጣዎቹም ዓይን ጤነኛ ነበር፤ ስሕተቱ ያለው ከአንድ እንስሳ፣ ከአንድ ንጥረ ነገርና ከጤነኛ ዓይን የተገኘን ውጤት ለታመመ የሰው ዓይን ሕግ አድርጎ በመውሰድ ላይ ነው።

የአቫስቲንን ጥቅም ያረጋገጡት ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነውና 1,200 ያህል አረጋውያን ሕመምተኞች የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት፣ ከዕድሜ ጋር በሚመጣው የማኩላ ሕመም አቫስቲንና ራኒቢዙማብ እይታን በማሻሻል ረገድ ተመጣጣኝ መሆናቸውን አሳይቷል፤ በወቅቱ የአንዱ መርፌ ዋጋ 50 ዶላር ገደማ፣ የሌላው 2,000 ዶላር ገደማ ነበር። የእናትዎን ሕመም በቀጥታ የሚመለከተው እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመውና በ660 የስኳር ሕመምተኞች ላይ የተደረገው ጥናት ነው። እይታቸው በመጠኑ ብቻ የቀነሰ ሰዎች በአቫስቲን፣ በራኒቢዙማብና አፍሊበርሴፕት በተባለው ሦስተኛ የዓይን መርፌ መድኃኒት ያገኙት መሻሻል ተቀራራቢ ሲሆን፣ ከመነሻው እይታቸው በጣም የደከመ ሰዎች ግን በመጀመሪያው ዓመት በአፍሊበርሴፕት የተሻለ ውጤት አግኝተዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም አቫስቲንን እ.ኤ.አ. በ2013 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ ለዓይን ሕክምና አስገብቶታል። ለእናትዎ የሚነገራቸው ዋስ ይህ ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ልጨምር። በእንስሳት ላይ የሚደረግ ፍተሻ ጨርሶ የማይደርስበት፣ ሕመምተኛው ግን ሊያውቀው የሚገባ አደጋ አለ። አንድ የአቫስቲን ጠርሙስ 4 ሚሊ ሊትር ሲይዝ ለአንድ ዓይን የሚበቃው 0.05 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 1.25 ሚሊ ግራም ብቻ ስለሆነ፣ ጠርሙሱ ለብዙ ሰው ይከፋፈላል። የመድኃኒቱ ርካሽነት የሚመጣው ከዚህ ነው፤ አደጋውም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 በማያሚ አካባቢ ከአንድ ቦታ ተከፋፍሎ በወጣ አቫስቲን ውስጥ ባክቴሪያ ገብቶ 12 ሰዎች በዓይናቸው ውስጥ ከባድ ኢንፌክሽን ይዟቸዋል። ለጥንቸሏ የተሰጠው መድኃኒት ምንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ስለዚህ ሊነግረን አይችልም። ስለዚህ እናትዎ መድኃኒቱ በንጹሕ ክፍል፣ በባለሙያ እጅ የተከፋፈለ መሆኑን ለመጠየቅ አይፈሩ፤ ከመርፌው በፊት ዓይናቸው በአዮዲን መታጠቡንም ያስተውሉ። በጥንቃቄ በሚሠራበት ቦታ እንዲህ ያለው ኢንፌክሽን የሚደርሰው ከሁለት ሺሕ እስከ ሦስት ሺሕ ከሚሆኑ መርፌዎች በአንዱ ገደማ ነው። ከመርፌው በኋላ ባሉት ቀናት ሕመሙ እየባሰ፣ ዓይኑ እየቀላ፣ እይታው እየደበዘዘ ከሄደ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ሐኪሙ ይመለሱ።

ጥያቄ፦ የፋርማሲ ተማሪ ነኝ። ለክፍል ሥራ የሰውን የዓይን መርፌ መጠን ወደ ጥንቸልና ወደ አይጥ በሰውነት ክብደት አካፍዬ ስቀይር መምህሬ ስሌቱን እንዳለ ሰረዙት። በአፍ ለሚወሰድ መድኃኒት ክብደት መነሻ ከሆነ፣ ለዓይን የማይሆነው ለምንድን ነው? (ከልደታ)

መልስ፦ መምህርዎ ትክክል ናቸው። በአፍ የተወሰደ መድኃኒት በመላው ሰውነት ይሰራጫል፤ በቪትረስ ውስጥ የተወጋ መድኃኒት ግን ከሞላ ጎደል በዚያች ትንሽ ክፍል ውስጥ ተዘግቶ ይቆያል፤ ስለዚህ መነሻው የቪትረሱ መጠን እንጂ የሰውነት ክብደት አይደለም። ልዩነቱን በቁጥር እንየው። 60 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሰው የሚሰጠው 1.25 ሚሊ ግራም አቫስቲን በ4 ሚሊ ሊትር ቪትረስ ውስጥ ሲበተን በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 0.31 ሚሊ ግራም ያህል ይደርሳል። 3 ኪሎ ግራም ለምትመዝን ጥንቸል በክብደት ካሰሉት የሚያገኙት 0.0625 ሚሊ ግራም ነው፤ ይህም በ1.5 ሚሊ ሊትር ሲበተን ከሰው ዓይን ክምችት አንድ ሰባተኛ እንኳ አይሞላም። በቪትረስ መጠን ካሰሉት ግን 0.47 ሚሊ ግራም ይሆናል። በእርስዎ ስሌት የተሠራ ፍተሻ መድኃኒቱ ምንም ጉዳት የለውም ብሎ ሊያሳስት ይችል ነበር፤ በደኅንነት ፍተሻ ደግሞ እንዲያውም ሆን ተብሎ ከሰው በላይ ክምችት ይሰጣል። ሙሉው 1.25 ሚሊ ግራም በጥንቸል ዓይን ቢወጋ ክምችቱ የሰውን 2.7 እጥፍ ያህል ይሆናል።

አይጥ ሌላ ዓለም ናት። የትንሿ አይጥ ሌንስ አብዛኛውን የዓይኗን ውስጥ ስለሚይዝ ለቪትረስ የሚተርፈው ቦታ 5 ማይክሮ ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ለሰው የምንወጋው 50 ማይክሮ ሊትር የዚህ 10 እጥፍ ነው። በተግባር የሚወጋው 1 ወይም 2 ማይክሮ ሊትር ሲሆን፣ ይህም ቢሆን ለእሷ ብዙ ነው፤ ግፊቱ ወዲያውኑ ይወጣል፣ ከመድኃኒቱም ከፊሉ መርፌው ሲወጣ ተከትሎ ሊፈስስ ይችላል፣ ሌንሱም በቀላሉ ይነካል። ስለዚህ ከትንሿ አይጥ የተገኘ የመጠን ቁጥር ሲያዩ ምን ያህል ተወጋ ብቻ ሳይሆን ምን ያህሉ በእርግጥ ውስጥ ቀረ ብለው ይጠይቁ። አይጥ በዚህ መስክ የምትጠቅመው ለመጠን ስሌት ሳይሆን፣ ዘረ መሏ እንደተፈለገ ሊቀየር ስለሚችል የሕመሙን መንስኤ ለማጥናት ነው።

ክምችቱን ማስተካከል ብቻውን ግን አይበቃም፤ ጊዜውም ይለያያል። አቫስቲን በጥንቸል ቪትረስ ውስጥ በግማሽ የሚቀንሰው በ4.3 ቀን ገደማ ሲሆን፣ በሰው ዓይን ግን 10 ቀን ገደማ ይፈጃል። በ30 ቀን ውስጥ በጥንቸሏ ዓይን ሰባት ጊዜ ያህል ስለሚገመስ የሚቀረው ከመቶ አንድ አይሞላም፤ በሰው ዓይን ሦስት ጊዜ ብቻ ስለሚገመስ ከመቶ 12 ያህል ይቀራል። መርፌው በስንት ጊዜ ይደገም የሚለውን ከጥንቸል ብቻ የሚወስን ሰው ሕመምተኛውን ያለ አስፈላጊነት ደጋግሞ ይወጋል።

ሁለት ነገሮችን ደግሞ በሥራዎ ላይ ቢጨምሩ መልካም ነው። የመጀመሪያው የዓይን ቀለም ነው። በቤተ ሙከራ በብዛት የምትገኘው ነጭ ጥንቸል ዓይኗ ሜላኒን የተባለው ጥቁር ቀለም የለውም፤ አንዳንድ ትንንሽ ሞለኪውል ያላቸው መድኃኒቶች ደግሞ ከሜላኒን ጋር ይጣበቁና በዓይን ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቀመጣሉ። እንደ እኛ ላለ ዓይኑ ጥቁር ለሆነ ሕዝብ የሚታሰብ እንዲህ ያለ መድኃኒት በነጭ ጥንቸል ብቻ ተፈትኖ ከቀረ ፍተሻው ጎደሎ ነው ብዬ አምናለሁ። ሁለተኛው የሰውነት መከላከያ ጉዳይ ነው። ከሰው ፕሮቲን ጋር እንዲመሳሰል የተሠራ ፀረ እንግዳ አካል ለጥንቸል ባዕድ ነው፤ በተደጋጋሚ ሲወጋ ሰውነቷ ሊዋጋውና ዓይኗ ሊቆጣ ይችላል። ይህ መቆጣት በሰው ላይም ይደርሳል ማለት አይደለም። ተቃራኒውም አጋጥሟል፤ ብሮሉሲዙማብ የተባለው መድኃኒት የእንስሳቱንም የሰዎቹንም ፍተሻ አልፎ እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ፈቃድ ካገኘ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በአንዳንድ ሕመምተኞች ላይ የሬቲና የደም ሥር መቆጣት ማስከተሉ ተዘግቧል።

ጥያቄ፦ ዓይናቸው ቀልቶና አብጦ አንገታቸው በሣጥን ተይዞ የተደረደሩ ጥንቸሎች የሚታዩበትን ፎቶግራፍ አይቼ በጣም አዘንኩ። ለዓይን መርፌ የሚደረገው ፍተሻ ይህ ነው? ሌላ መንገድስ የለም? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ እርስዎ ያዩት ሌላ ፍተሻ ሳይሆን አይቀርም። አሜሪካዊው ጆን ድሬይዝና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1944 ያወጡት፣ ሳሙና፣ ኬሚካልና የመዋቢያ ዕቃ ዓይንን ያቃጥል እንደሆነ ለማወቅ በጥንቸል ዓይን ላይ የሚንጠባጠብበት ዘዴ ነው፤ ለረጅም ዘመን ማደንዘዣ እንኳ ሳይሰጥ ይሠራ ስለነበር የደረሰበት ወቀሳ የሚገባው ነው። የአውሮፓ ኅብረት በእንስሳት ላይ የተፈተነ መዋቢያ በገበያው እንዳይሸጥ እ.ኤ.አ. በ2013 ሙሉ በሙሉ ከልክሏል። ለዚህ ዓይነቱ ፍተሻ ምትክ ማግኘትም ተችሏል፤ ከመካከላቸው አንዱ ለሥጋ ከታረደ ከብት የሚወሰደው ኮርኒያ ነው። ከቄራ የሚገኝ የበሬ ዓይን ለዚህ በቂ ነው ማለት ነው።

የመርፌው ፍተሻ የሚካሄደው በማደንዘዣ ሲሆን፣ የዓይን ተመራማሪዎች ዓለም አቀፍ መመሪያም እይታን ሊያጠፋ የሚችል ሥራ በአንድ እንስሳ ሁለት ዓይን ላይ እንዳይደረግ ይጠይቃል። በሠለጠነ ተቋም ማንኛውም እንዲህ ያለ ጥናት ከመጀመሩ በፊት ለሥነ ምግባር ኮሚቴ ይቀርባል፤ ኮሚቴውም እንግሊዛውያኑ ዊልያም ራስልና ሬክስ በርች እ.ኤ.አ. በ1959 ባስቀመጡት መሠረት እንስሳው በሌላ ነገር ሊተካ ይችል እንደሆነ፣ ቁጥሩ ሊቀነስ ይችል እንደሆነ፣ ሥቃዩ ሊቃለል ይችል እንደሆነ ይጠይቃል። ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ያማረ ሆኖ በተግባር የሚጓደልበት ቦታ የለም አልልዎትም።

ምትክን በተመለከተ ግን የመርፌው ጉዳይ ከጠብታው ይከብዳል። መድኃኒቱ በቪትረስ ውስጥ እንዴት እንደሚሰራጭ፣ መርፌው ምን ያህል ኃይል እንደሚፈልግ፣ አዲስ ሐኪምም እጁን እንዴት እንደሚያለማምድ ከታረደ እንስሳ በተወሰደ ዓይን ማወቅና መማር ይቻላል። በመስታወት ዕቃ ውስጥ የሚያድጉ የሬቲና ሕዋሳትም መርዛማውን መድኃኒት ገና ወደ እንስሳ ሳይደርስ ለማስቀረት ይረዳሉ። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ባወጣችው ሕግ መድኃኒት በሰው ላይ ከመሞከሩ በፊት የግድ በእንስሳት ይፈተን የሚለውን አስገዳጅነት አንሥታ ሌሎች ዘዴዎችም እንዲቀርቡ ፈቅዳለች። ይሁንና የታረደ እንስሳ ዓይን ደም አይዘዋወርበትም፤ ስለዚህ አይቆጣም፣ መድኃኒቱንም ጠርጎ አያስወጣም። ዓይን ከተወጋ ከሳምንታት በኋላ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ዛሬም ሕያው ዓይን ያስፈልጋል፤ ለዚህም በአብዛኛው የምትጠራው አሁንም ጥንቸል ናት።